ቆሞ ያረጀ ጎማ

ሰኔ 10 ቀን 1977፣ ሰኞ። ባተርሲ

ዛሬ መኪና ተሰጠን! እንዲያው በነጻ። መኪና ስል ተራ መኪና አይደለም፤ ውስጡ አልጋ አለው፣ የጋዝ ምድጃ አለው፣ አበባ የተጣለበት መጋረጃ አለው። እዚህ አገር ሞተርሆም ይሉታል። የሰጡን ከበታቻችን የሚኖሩት ሚስስ ፓርሰንስ ናቸው። ባላቸው ሚስተር ሃሮልድ ከሞቱ ወዲህ ከሕንፃው ጀርባ ሸራ ለብሶ ቆሞ ነበር። ከሥራ ስገባ ደረጃው ላይ ጠብቀውኝ ቁልፉን እጄ ላይ አኖሩት። «ባልሽ ጠዋት ከሥራ ሲመለስ ሸራውን ገለጥ አድርጎ ያየዋል። በመስኮት አይቼዋለሁ። ለሚወደው ሰው ይሁን» አሉኝ። ቀጥለው እንደ ልማዳቸው «አገር ቤት ያሉት ቤተሰቦችሽ በልተዋል?» ብለው ጠየቁኝ። ያንን ረሃብ በቴሌቪዥን ካሳዩ ወዲህ ሰላምታቸው ይኸው ሆኗል። በልተዋል አልኩ። እግዜር ይስጣቸው፣ ከልባቸው ነው።

ቁልፉን ለመርዕድ ስሰጠው ቁጭ አለ። አሥራ አራት ዓመት አሰብ ድረስ ተሳቢ የነዳ ሰው ነው። ከደርግ ያመለጠ ዕለት ተሳቢውን ወደቡ ላይ አቁሞ፣ ቁልፉን እላዩ ላይ ትቶ ነው በጀልባ ጅቡቲ የገባው። ይኸው ሰባት ዓመቱ፤ ለንደን ላይ ሌሊት ሌሊት አውቶቡስ ያጥባል። የዚህን አገር መንጃ ፈቃድ እንኳ ሁለቴ ወድቆ በሦስተኛው ያገኘው ዘንድሮ ከፋሲካ በኋላ ነው። ቁልፉን መዳፉ ላይ ገልበጥ አድርጎ አየና «ሞተሩ ይነሣ ይሆን?» አለ።

ድምፁን ስሰማ እንዴት ደስ እንዳለኝ። ሁለተኛ የወደቀ ጊዜ ስለነበረው የብርዱ ወራት እዚህ አልጽፍም። አልፏል፣ ተመስገን።

ሰኔ 16፣ እሑድ

ተነሣ! መርዕድ ከሥሩ ገብቶ ሲያንኳኳ ውሎ አመሻሽ ላይ ሞተሩ አስነጠሰ፣ ጥቁር ጭስ ተፋ፣ ተነሣ። የሕንፃው ልጆች አጨበጨቡ። ዘውዴም ነበረች። ሆስፒታል ኩሽና አብራኝ የምትሠራው፣ የሚካኤል ማኅበራችንም ሙሴ፣ ማለት መሪ፣ ምላሷ ስለት የሆነችው ዘውዴ። ዙሪያውን ዞራ አየችና «ባልና ሚስት ጎጆ ወጣችሁ በሉኛ! ዘገያችሁ እንጂ» አለች። ከዚያ ጀምሮ ሁሉም «ጎጆ» ይሏታል።

ሚስስ ፓርሰንስ በመስኮት አንገታቸውን አውጥተው «ጎማዎቹን እንዳትነኩ! አዲስ ናቸው። ሃሮልድ ባሕር ዳር ወስዶኝ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው የነዳባቸው» አሉ። መቼ እንደገዟቸው ጠየቅኋቸው። ንግሥቲቱ ኢዮቤልዩዋን ያከበረችበት ዓመት ነው፣ መንገዱ ሁሉ ባንዲራ ነበር አሉ። ስምንት ዓመቱ ነው፤ እኛ ያኔ ገና አልመጣንም።

ለመርዕድ ተረጎምኩለት። ተንበርክኮ ጣቱን በጎማው ጥርስ መሃል አስገባ። ጥርሱ ጥልቅ ነው፣ ጣቱ ገባ። «እዪው አልታዬ! ያልተነካ ነው። እንዲህ ያለ ጎማ ቢኖረኝ አሰብ ስንት ጊዜ ደርሼ እመለስ ነበር። እኛ እኮ ራሰ በራ በሆነ ጎማ ነበር የምንነዳው» አለ። ስለ አሰብ መንገድ ሲያወራ ለስንት ጊዜ እንዳልሰማሁት!

ሰኔ 29፣ ቅዳሜ

ርግበ ከሊድስ ደወለች። የጋሼ ወልደንኪኤል ልጅ ናት። ሴት ወልዳለች፣ ስሟ ጸዳለ። በሰማንያ ቀኗ፣ ነሐሴ 19 እሑድ፣ እዚያው ሊድስ ክርስትና ትነሣለች። አባ ፍስሃጽዮን ከለንደን ሄደው ያጠምቃሉ፤ እንግሊዞች ቤተ ክርስቲያናቸውን ሊያውሱ ተስማምተዋል። ከዚያ «እትዬ አልታየሽ፣ ክርስትና እናቷ አንቺ ሁኝልኝ» አለች። ስልኩን ይዤ አለቀስኩ። ልጅ አልሰጠኝም እግዜር፣ ይኸው አሁን ሰጠኝ።

የአባቷ ነገር ግን አስጨንቋታል። ጋሼ ጀርባቸውን ኦፕሬሽን ሆነው ካምደን እኛ ሆስፒታል ተኝተዋል። ሐኪሙ ለወራት እንዳይቀመጡ አዟል፤ መቆም ወይም መተኛት ብቻ። በባቡር እንዴት ይሆናል? ልጃቸውን ካዩ ስንት ዓመት ሆናቸው፣ የልጅ ልጅ ደግሞ የመጀመሪያቸው ናት።

ስልኩን ሳስቀምጥ መርዕድ በሩ ላይ ቆሟል። «ጎጆ አልጋ አላት እኮ» አለ።

ጋሼ ወልደንኪኤል ማለት ለንደን የገባን ጊዜ ሰቨን ሲስተርስ ባለች አንዲት ክፍላቸው ውስጥ አልጋቸውን ለቀውልን፣ በጋውን ከነክረምቱ ወንበር ላይ የተኙ ሰው ናቸው። ለእሳቸው ያልሆነች ጎጆ ለማን ልትሆን ነው?

ሐምሌ 3፣ ረቡዕ

አውቶቡስ ውስጥ ሆኜ። ለጋሼ ነገርኳቸው። በሽተኞቹ ሁሉ እስኪሰሙ «መርዕድ ይነዳኛል!» አሉ። ነርሷ ዝም በሉ አለች። ሾርባ ማከፋፈል ረስቼ ዘውዴ ሸፈነችልኝ።

ሐምሌ 13፣ ቅዳሜ

ኤም ኦ ቲ የሚሉትን የመኪና ምርመራ ለማስደረግ ሄድን። ለማስተርጎም እኔም ተከተልኩ። መርዕድ ሸሚዙን ለውጦ ጸጉሩን ውሃ አስነክቷል።

መርማሪው ሽማግሌ ሰው ነው፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሰቀለ። ፍሬኑን አየ፣ መብራቱን አየ፣ አለፈ አለ። ከዚያ የፊተኛው ጎማ አጠገብ ቁጢጥ ብሎ ግድግዳውን፣ ማለት ጎኑን፣ በአውራ ጣቱ ተጫነውና ለኔ ብዙ ነገር አወራኝ። እዚህ የምጽፈው ሌላ ቦታ ስለማልናገረው ነው። «ሕጉን ያልፋል፤ ሕጉ የሚያየው ጥርሱን ነው። ግን ጎማው አርጅቷል። የእንዲህ ዓይነት መኪና ጎማ በመንገድ አያልቅም፣ ቆሞ ነው የሚያልቀው። ክብደት ተሸክሞ አንድ ቦታ ይቆማል፣ ፀሐይ ይመታዋል፣ ላስቲኩ ይደርቃል። እነዚህን ስንጥቆች አየሻቸው? ይህቺ ቁጥር ደግሞ የተሠራበት ሳምንትና ዓመት ናት። አምስት ዓመት ካለፈው በየጊዜው ይታያል፤ ይህ ግን ከዚያ ብዙ አልፏል። እኔ ብሆን እናቴን አሳፍሬ ሞተርዌይ፣ ፈጣኑ መንገድ ላይ፣ አልወጣም» አለ።

መርዕድ አጠገቤ ቆሞ ፊቴን ያያል።

«አልፏል ይላል» አልኩት።

«ይኸ ሁሉ ወሬ አልፏል ነው?»

«መኪናው ያምራል አለ። በደንብ ይዛችሁታል አለ።»

ፈገግ አለ። የምስክር ወረቀቱን አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተው። እስከ ቤታችን እያንጎራጎረ ነዳ። መንገድ ላይ ለሚያሳልፈው ሁሉ እጁን ያነሣል፤ እንግሊዞቹም ያነሡለታል።

ነገ እነግረዋለሁ።

ሐምሌ 14፣ እሑድ

አልነገርኩትም። ማኅበርተኛው ሁሉ ወረቀቱን እየተቀባበለ ሲያይለት ዋለ። በዚህ መሃል ምን ይባላል?

ደግሞስ ያ ሰው ጥንቁቅ ነው። እንግሊዝ ሲፈጥረው ጥንቁቅ ነው።

ሐምሌ 24፣ ረቡዕ

ጋሼ ከሆስፒታል ወጡ፣ በአምቡላንስ ተጋድመው ቤታቸው ገቡ። ተመስገን። ሐኪሞቹን፣ ነርሶቹን፣ አልጋ የሚገፋውን ሰውዬ ሳይቀር መርቀዋል። «ልጄ፣ እነዚህ ሰዎች አጥንቴን ቆርጠው ገጠሙልኝ። እኔስ ለማን ምን ገጥሜ አውቃለሁ?» አሉኝ። አሥመራ ላይ ስንቱን ትውልድ አማርኛ አስተምረው እንዲህ ይላሉ።

መርዕድ የጎጆን አልጋ በጋሼ ቁመት አስረዝሞ በጣውላ እየሠራው ነው። እንዳይንሸራተቱ ሁለት ማሰሪያ ጨመረበት። በላ፣ አወራ፣ ተኛ። በብርዱ ወራት ኩሽና ውስጥ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይውል የነበረው ሰው እሱ ነው ቢሉኝ አላምንም። አልጽፍም ብዬ ነበር፤ ጻፍኩት።

ሐምሌ 27፣ ቅዳሜ

ልብስ ለማስጣት ስወጣ ጎጆ አጠገብ ጎንበስ አልኩ። ስንጥቅ አለ። ቀጫጭን ነው። የኔም ተረከዝ እኮ የተሰነጠቀ ነው፤ እሄድበታለሁ።

ነሐሴ 3፣ ዓርብ

ከሥራ ስመለስ የጎጆ ጎማዎች ጥቁር ሆነው ያብረቀርቃሉ። መርዕድ ከጋራዥ የተቃጠለ ዘይት በቆርቆሮ አምጥቶ በጨርቅ ቀብቷቸዋል። አሰብ መንገድ ለበዓል ጊዜ ወይም አለቃ ሲመጣ እንዲህ ነበር የሚያደርጉት። «ክርስትና የሚሄድ መኪና ጫማው ይጠረግ እንጂ» አለኝ። ሙሽራ መሰለች። ስንጥቁ የለም።

እውነቱን ልጻፍ፤ ቅልል አለኝ። የማላየው ነገር የሌለ መሰለኝ።

ነሐሴ 11፣ ቅዳሜ

የሆነውን ልጻፍና ልተኛ። ነገ ሚካኤል ነው። ጽዋው በእኛ ቤት ነው፤ አባ ፍስሃጽዮንም ጎጆን ጠበል ሊረጩልን ነው። ዛሬ መርዕድ ተኝቶ ሳለ የጎረቤት ልጅ ጎማው ላይ ተደግፋ ነጭ ቀሚሷን በዘይት ለቀለቀችው። የአባ ቀሚስም ነገ እንዲሁ ሊሆን ነው ብዬ ባልዲ ሙቅ ውሃና የሳህን ሳሙና ይዤ ወጣሁ። የፊተኛውን ግራ ጎማ በብሩሽ ፈተግኩት።

ዘይቱ ሲለቅ ሁሉም ተገለጠ። ቀጭን ያልኩት ስንጥቅ ጥፍሬን ያስገባል። ዙሪያውን ነው። ወደ ታች፣ መሬቱን በሚነካበት በኩል፣ አንድ ቦታ አበጥ ብሏል። በመዳፌ ዳበስኩት። ጥርሱ ግን እንዳዲስ ነው፣ አንድም አልጎደለም።

ባልዲው አጠገብ ቆምኩ። ነገ ያ ሁሉ ሰው ይመጣል። አንዱ ወንድ ጎንበስ ብሎ ቢያይ፣ «መርዕድ፣ አንተ የአሰብ ሾፌር፣ ይኸን አላየህም?» ቢለው ምን ይሆናል?

ቆርቆሮውን ከመኪናው ሥር አወጣሁ። ጨርቁን ነከርኩ። መልሼ ቀባሁት።

ሰው እንዴት እንዲህ ያደርጋል? እኔ ነኝ ያደረግሁት።

ነሐሴ 12፣ እሑድ፤ ሚካኤል

ደስ የሚል ቀን ነበር። ቅዳሜ አብረውን የሚሳፈሩት አባ ጸሎት አድርሰው ጎጆን ዙሪያዋን ጠበል ረጩ። ውሃው ጎማዎቹ ላይ አልያዝ እያለ ተንከባለለ። ልጆቹ አልጋው ላይ ዘለሉ። ዘውዴ «ሊድስ ስትደርሱ ጎጆን እዚያው እንዳትድሯት» አለች። ሚስስ ፓርሰንስ የጾም ምስር ወጥ በሉ፣ አለቀሱ፣ ደግመው በሉ። መርዕድ ሁሉንም ተራ በተራ ከመሪው ኋላ አስቀመጣቸው።

እኔ ጽዋውን ስቀበል ልብሴ ላይ አፈሰስኩት። አባ አዩኝ። የጾም ድካም ነው አልኳቸው። ቄስ ዋሸሁ።

ነሐሴ 13፣ ሰኞ

በምሳ ሰዓት ካምደን ያለ ጎማ ቤት ሄጄ ጠየቅሁ። መጠኑ ለየት ያለ ነው፣ ግድግዳው ወፍራም የሆነ የጭነት ዓይነት ነው፣ ይታዘዛል አለኝ። የሚመጣው ባንክ ሆሊዴይ ከሚሉት በዓላቸው በኋላ ነው። ክርስትናው እሑድ፣ ባንክ ሆሊዴዩ ሰኞ። ሰማንያ ቀን ደግሞ ጎማ አይጠብቅም።

ስለዚህ ብናገር ጋሼ አይሄዱም። ባልናገርስ?

ነሐሴ 14፣ ማክሰኞ

ከሥራ በቀጥታ ሰቨን ሲስተርስ ሄድኩ። ጋሼ ጠንካራው ፍራሻቸው ላይ ተጋድመዋል። ሙሉ ልብሳቸው ተተኩሶ በሩ ላይ ተሰቅሏል። ለጸዳለ የገዙት የብር መስቀል ጥጥ ውስጥ ተቀምጧል፤ አሳዩኝ።

«ልጄ አልታየሽ» አሉኝ፣ «ባቡር አልቻልኩም፣ ወንበር አልቻልኩም፤ እግዚአብሔር ደግሞ አልጋ ከነሹፌሩ ላከልኝ። ቅዳሜ ከተነሣን ሊድስ እስክንደርስ ዓይኔን አልገልጥም። መርዕድ ከያዘው እተኛለሁ።»

ሻይ ጠጪ አሉኝ። ቸኩያለሁ ብዬ ወጣሁ። ፌርማታው ላይ ተቀምጬ አውቶቡሶቹ ሲያልፉ አየኋቸው። ስንቱ እንዳለፈ አላውቅም። እኔ የምፈራው ጎማውን አልነበረም። ይህን ፌርማታው ላይ ነው ያወቅሁት። የምፈራው መርዕድ ተመልሶ ዝም እንዳይል ነው። የእሱን ዝምታ ፈርቼ የሽማግሌውን ነፍስ፣ የአባን ነፍስ፣ የራሱን የመርዕድን ነፍስ ሞተርዌይ ላይ ላወጣ ነበር።

ቤት ስገባ ለሌሊት ሥራው ጫማውን እያሰረ ነው።

«መርዕድ፣ ያ መርማሪ ሌላም ነገር ብሎ ነበር» አልኩት።

ቀና አላለም። «አውቃለሁ» አለ።

«ምኑን ታውቃለህ?»

«ጣቱ ጎማው ላይ ነበር አልታዬ። ለጣት አስተርጓሚ አያስፈልግም።»

ተቀመጥኩ። ማሰሪያውን ፈታው፣ መልሶ አሰረው።

«ማታውን በባትሪ አየሁት» አለ። «ስንጥቁን አየሁ። ግን ጥርሱን ሳየው ልቤ አላምን አለ። እኛ ዘንድ እኮ ጎማ ለማርጀት ጊዜ አያገኝም። ድንጋዩ ነው የሚበላው፣ ሙቀቱ ነው የሚበላው። በዓመቱ ተልጦ ይጣላል። ጥርሱ ሙሉ የሆነ ጎማ ይሞታል ብሎ የነገረኝ ሰው የለም። ቀስ ብዬ ብነዳ እንደርሳለን አልኩ። አንቺ ደግሞ አልነገርሽኝም፤ እንዳልደነግጥ ነው አልኩ። እኔም አንቺ እንዳትደነግጪ ቀባሁት።»

«እኔም አይቼዋለሁ። ቅዳሜ አጠብኩት።»

«እሱንም አውቃለሁ። እኔ ስቀባ ቸርኬውን አላስነካም። አንቺ ብረቱን ሁሉ አጥቁረሽዋል።»

አሁን ስጽፈው ያስቃል። ያኔ ግን ማናችንም አልሳቅንም። የካምደኑ ጎማ ቤት ያለኝን ነገርኩት። ከበዓሉ በኋላ የሚለውን ሲሰማ ተነሣ። እራቱን አልነካም። በሩን በቀስታ ዘጋው። ቢያጋጨው ይሻለኝ ነበር።

ነሐሴ 15፣ ረቡዕ

ጠዋት አልመጣም። ሁልጊዜ ሥራ ከመሄዴ በፊት ይደርስ ነበር።

ሥራ ላይ። ሾርባው አረረ። ዘውዴ «ባሕር አቋርጦ የመጣ ሰው ባተርሲ ጠፋብኝ ብለሽ ታለቅሻለሽ?» አለችኝ። አልሳቅሁም። እሷም ተወችው፤ ማንኪያውን ከእጄ ተቀበለችኝ።

ሚካኤል ሆይ፣ ዝም ይበለኝ፣ ይቆጣኝ፣ ብቻ ይምጣ።

እዚያው ቀን፣ ማምሻውን

መጣ! ዓይኑ ደም ለብሷል፤ አልተኛም፣ አልበላም። ኩሽና ገብቶ ወንበሩን ወደ ግድግዳው ሳይሆን ወደ እኔ አዞረው።

ሥራ ሲጨርስ የጋራዡ አለቃ ቢሮ ገብቷል። ብቻውን፣ ያለ እኔ። ሰባት ዓመት ሙሉ ለዚያ ሰው ከ«ጉድ ሞርኒንግ» ሌላ ነገር ተናግሮ አያውቅም። «ጎማዬ አርጅቷል። ሽማግሌ እጭናለሁ፣ ቄስ እጭናለሁ። እሑድ ሕፃን ትጠመቃለች። ቆሞ ያረጀ ጎማ ይገድላል ወይ? ብዬ ጠየቅሁት» አለኝ። አለቃው ወንበር ሰጠው። አዎ፣ ይገድላል አለው። ከዚያ ስልክ አንሥቶ ይደውል ጀመር። ሁሉም ከበዓሉ በኋላ አሉ። መርዕድ አመስግኖ ወጣና በእግሩ ጎማ ቤት ለጎማ ቤት ዞረ፣ ያንኑ ቃል እየደጋገመ። አንዱ ቤት ሳቁበት። አንዱ ቤት ሻይ ሰጡት። ክሮይደን ላይ አራቱም ተገኙ። አንድ ሰው አዝዞ ያልወሰዳቸው ናቸው። ቁጥራቸውን ራሱ አንብቦ አይቷል፤ የዘንድሮ ናቸው።

«እንግሊዝኛዬ ይህን ያህል መጥፎ አይደለም እኮ» አለኝ። እጁን ይዤ አለቀስኩ። እሱ ሽንብራ ፍትፍቱን በላ።

ነሐሴ 17፣ ዓርብ

ትናንት ጾሙ ተፈታ፣ ዛሬ ጎማው ተቀየረ። አለቃው ቫኑን አውሶት አራቱን እግር ፈትቶ ከነስኮርታው፣ ከነትርፉ ጎማ፣ ወሰዳቸው፤ ጎጆ በጡብ ላይ ቆማ ዋለች። ሲመለስ ሁሉንም ነገረኝ። ጎማ ሠሪው ያንን የግራውን አጥፎ ሲጫነው ስንጥቁ እንደ አፍ ተከፈተ፣ የውስጡ ክር ታየ። ስኮርታው ደግሞ ከሁሉም የባሰ ሆኖ ተገኘ፤ አምስተኛ ፈልገውለታል።

«ምን አለህ?»

«በፍጥነት ስትነዳ ቢፈነዳ መኪናዋ ትገለበጥ ነበር አለኝ። ዘይት ማን ቀባው አለኝ። እኔ ነኝ አልኩ። ዘይት ላስቲክ ይበላል አለኝ።»

«ሌላስ? ሁሉንም ንገረኝ።»

«ሞኝ ነህ አለኝ። ይቺን እንኳ በደንብ ነው የሰማኋት። ጋራዥ በገባሁ በመጀመሪያው ቀን የተማርኳት ቃል ናት።»

ያን ጊዜ ሳቅን። ወገቤን ይዤ ሳቅሁ። ከዛሬ በኋላ ጥርሱን ብቻ ሳይሆን ዓመቱን እናያለን፤ ጎኑን በመዳፍ እንዳብሳለን፤ ቆማም እንዳትከርም በየሳምንቱ እናንቀሳቅሳታለን። እኔም ሰው ያለውን እንዳለ እተረጉማለሁ። መርዕድ ይህን አስምሎኛል።

ነሐሴ 19፣ እሑድ። ሊድስ

ጸዳለን ተቀበልኳት። ከውሃው ስትወጣ እንዴት እንደጮኸች! ማተቡን አባ አሰሩላት፣ ስመ ክርስትናዋ ወለተ ሚካኤል ተባለ። ጋሼ በከዘራቸው ቆመው ከቅዳሴው እስከ ጥምቀቱ አልተጋደሙም፤ ርግበ በአንድ እጇ ደግፋቸዋለች። የብር መስቀሉን ራሳቸው አደረጉላት። አያትና የልጅ ልጅ እስኪጠግቡ ተያዩ። ጌታዬ፣ ይህን ሳላይ ልቀር ነበር።

ማታ ግብዣው ላይ አባ ፍስሃጽዮን «መቼስ ጋሼ፣ እንደ እርስዎ መንገዱን ተኝቶ የጨረሰ የለም፤ ዓይንዎንም አልገለጡ» አሏቸው። ጋሼ ሶፋው ላይ ተጋድመው መርዕድን አዩት፣ ወዲያ ወዲህ አሉና «አንዲት ደቂቃ አልተኛሁም» አሉ። «መኪና እፈራለሁ። ድሮም እፈራለሁ። ይኸ ልጅ በመስታወቱ ያየኛል ብዬ ነው ዓይኔን የጨፈንኩት። ፈሩኝ ብሎ እንዳይከፋው።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። መርዕድ እንባውን እየጠረገ «ጋሼ፣ ሲመለሱ ዓይንዎን ገልጠው ይፍሩ። እኔም እየፈራሁ ነው የነዳሁት» አላቸው።

ነሐሴ 21፣ ማክሰኞ

ትናንት ተመለስን። አባ ሁለት ቀን ሊሰነብቱ ስለቀሩ እኔ ከመርዕድ አጠገብ ተቀመጥኩ። ማረፊያ ቦታ በቆምን ቁጥር ወርዶ ጎማዎቹን በመዳፉ ይነካል። ሁለተኛው ላይ «ነይ፣ አንቺም ንኪው» አለኝ። ለብ ያለ ነው። «እንዲህ ነው መሆን ያለበት» አለ።

ሉተንን አለፍ እንዳልን ከኋላ ጉርርር የሚል ድምፅ መጣ። የመቀመጫውን ጠርዝ ጨበጥኩ። መርዕድም ፍጥነቱን ቀነሰ፣ ሬዲዮውን አጠፋ፣ ጆሮውን አቀና። እንደገና መጣ፤ ቆም ይላል፣ ይቀጥላል። ዞሬ አየሁ።

ጋሼ አፋቸውን ከፍተው፣ አንድ እጃቸው ከአልጋው ወርዶ ተንጠልጥሎ ያንኮራፋሉ።

መርዕድ ሬዲዮውን መልሶ አልከፈተውም። እስከ ለንደን እሱን እየሰማን መጣን። ሰቨን ሲስተርስ ስንደርስ መሽቶ ነበር። ጎጆን በራቸው አጠገብ አቆምናት። ልቀሰቅሳቸው ስነሣ መርዕድ ክንዴን ያዘኝ። ብርድ ልብሱን ወደ አንገታቸው ሳብ አድርጌ ተመለስኩ።

አልጋው የእሳቸው ነው። እኛ ወንበሩ ላይ አደርን።